ሁለተኛውን ዝላይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ

እኔ ፑን ሳው-ዪንግ፣ የሰባ ዓመት ሴት፣ በሆንግ ኮንግ በቶ ክዋ ዋን ሠፈር ነዋሪ፣ ዛሬ ማክሰኞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እሰጣለሁ። አእምሮዬ ለጊዜው ሙሉ ነው። ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ነገ ጠዋት ሐኪሞች ራሴን ከፍተው ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለውን እባጭ ያወጣሉ። ከሰመመን ብነቃም እንኳ መናገር እንደምችል አረጋግጦ የነገረኝ የለም። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ዛሬ ማለት አለብኝ።

ቃሌን የሚጽፉት ጠበቃ ወይዘሪት ያው ናቸው። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው፦ አብሮኝ በኦፔራ ትምህርት ቤት ያደገውና በፊልም ሥራ ተዋንያንን በሽቦ አስሮ የሚያዘልል ሽቦ ጎታች የነበረው ሎክ ክዋይ-ቺ፣ እንዲሁም ከታች ፎቅ የመድኃኒት ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ወይዘሮ ሺው። ልጄ ማን-ዋይ ወራሽ በመሆንዋ ወጥ ቤት እንድትቆይ ተደርጓል። ሽንኩርት ስትከትፍ የቢላዋዋ ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ ባቆመ ቁጥር የሰማችኝ እየመሰለኝ ልቤ አብሮ ይቆማል።

አንደኛ። ይህ የምኖርበት ቤት ከነዕቃው ለልጄ ለማን-ዋይ ይሁን። ከዚህ በታች የምናገረውን አውቃ ብትጠላኝም ቤቱ የእርሷ ነው።

ወይዘሪት ያው ብዕራቸውን አነሡና፣ «‹ብትጠላኝም› የሚለውን ልጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይጻፉት» አልኳቸው። «በዚህ ክፍል የሚባለው ሁሉ ይጻፍ። ነገ የትኛው ቃል እንደሚጠፋብኝ አላውቅም።»

ሁለተኛ። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ውል ይገኛል። በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ ለትምህርት ቤቱ መምህር ለአሥር ዓመት ያስረከበኝ በእርሱ ነው። «በልምምድ ብትሞት መምህሩ አይጠየቁም» ከሚለው መስመር ሥር የአባቴ የጣት አሻራ አለ። በዚያ ጠባብ ግቢ ሠላሳ ሁለት ልጆች በየማለዳው በእጃችን ተገልብጠን ስንቆም፣ ክንዴ ሲከዳኝ ቁርጭምጭሚቴን በስውር የምትደግፍልኝ ታም ሱክ-ካም ነበረች። ጎድጓዳ ሳህን የሰበርኩ ዕለት «እኔ ነኝ» ብላ ዱላዬን የተቀበለችልኝም እርሷ ናት። አባቴ ተመልሶ የመጣው ሥዕሌ በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ በሞት አፋፍ አልዋሽም። ውሉ ከሬሳዬ ጋር ይቃጠል።

ሦስተኛ። በሃያ ስድስት ፊልሞች የታጠቅሁት ሰይፍ ደጋግመው ለጠየቁኝ የሙዚየም ሰዎች ይሰጥ። ብረት ሳይሆን የብር ቀለም የተቀባ ቀርከሃ መሆኑን ይጻፉበት፤ ቀለሙንም እንዳያድሱት። ወንድም ክዋይ ምስክር ስለሆነ ከእኔ መውረስ አይችልም፤ ስለዚህ ሬዲዮኔን ትናንት በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

«ባትሪው አልቋል እኮ» አለ።

«ግዛ!» አልኩት። ይህም ተጽፏል።

አራተኛ። ይህን ለመናገር አርባ አንድ ዓመት ዘገየሁ።

በ1967 ዓ.ም. እኔና ሱክ-ካም ሁለት ሰይፈኛ እህትማማቾች ሆነን ተጫወትን። ከደወሉ ማማ ጫፍ በአንድ ሽቦ ታስረን መዝለል ነበረብን። የመጀመሪያው ዝላይ ያለ እንከን አለፈ። ዳይሬክተሩ ኩ ሲን-ሃንግ «ተሳክቷል!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ወደ ማማው ተመልሼ ወጣሁና እርሱን አስጠራሁት። መሰላሉን ወጥቶ መጣ። ላይ የነበርነው አራት ብቻ ነን፤ እኔ፣ ሱክ-ካም፣ ኩ እና ሽቦውን የሚያስረው ወንድም ክዋይ።

«ፊቴ አልታየም» አልኩት። «ጸጉሬ ሸፍኖታል። ይደገም።»

«ሽቦው ደክሟል፤ ነገ በአዲስ ሽቦ እናደርገዋለን።»

«አሁን ካልተደገመ ነገ አልመጣም።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኩባንያው በዚያው ሳምንት አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አስፈርሟል። ፊቴ ካልታየ የምጠፋ መሰለኝ። ኩ ጥቂት አየኝና ወርዶ ለሠራተኞቹ «ይደገም!» አለ። ከታች ያሉት የሰሙት ይህን ብቻ ነው።

ሽቦው በአየር ላይ ተበጠሰ። እኔ ለማረፊያ በተከመረው ካርቶን ላይ ወድቄ የትከሻ አጥንቴ ተሰበረ። ሱክ-ካም ድንጋዩ ላይ ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባሏ መርከበኛ ነበር፤ ወጥቶ አልተመለሰም። የሦስት ዓመት ልጅዋን ማን-ዋይን እኔ ወሰድኳት።

ኩ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ጋዜጠኞች ሆስፒታል መጥተው ሲጠይቁኝ፣ «አላስታውስም» አልኩ። ወንድም ክዋይን ጠየቁት፤ ስለ እኔ ብሎ «አልሰማሁም» አለ። ከዚያ በኋላ ኩን ያመነው የለም፤ ሥራ የሰጠውም የለም። ነፍሰ ገዳይ ተባለ። እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ፊልም ሠራሁ።

ማን-ዋይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በእኛ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሦስተኛው ቀን ኩ እንደ ባህሉ መንደሪን ይዞ ደጃችን መጣ። የከፈተችው እርሷ ናት።

«አንተ ገዳይ!» አለችው። «እናቴን ገድለህ መንደሪን ታመጣለህ?»

በልጅቷ ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ጠበቀኝ። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው።

«በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል» አልኩ።

ኩ በ1991 ዓ.ም. ሞተ። ሚስቱ በሻም ሹይ ፖ ገበያ ቁልፍና ክር ትሸጣለች። ሦስት ጊዜ ሄጄ የሸሚዝ ቁልፍ ገዝቻታለሁ፤ ስሜን ግን አልነገርኳትም።

እዚህ ላይ ወንድም ክዋይ ከወንበሩ ተነሣ። «ይብቃ፣ እህት ዪንግ! ኩ ሞቷል፤ ልጅቷ ግን በሕይወት አለች። ምን ልትጠቅሚያት ነው?»

«አንተ ፈርተህ ነው።»

«አዎ ፈርቻለሁ! ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ እኮ። ይህቺ ልጅ አጎቴ እያለች እየጠራችኝ ነው ያደገችው!»

ወይዘሪት ያው፣ «ይህ የንብረት ጉዳይ አይደለም፤ ለብቻው በታሸገ ደብዳቤ ቢሆን ይሻላል» አሉ። ወዲያው ደስ አለኝ፤ ደስታዬም አሳፈረኝ። ደብዳቤው የሚከፈተው እኔ ካለፍኩ በኋላ ነዋ።

ወይዘሮ ሺው ናት ያስቆመችኝ። «እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ፤ ሕግ አላውቅም» አለች። «ግን ልጅቷ ይህን ከወረቀት ላይ ብታነበው ማንን ትጠይቃለች? ለማን ትጮሃለች? ለፎቶግራፍሽ?»

ከማማው ስዘል እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። ማን-ዋይን ጠራኋት።

ሽርጧን እንዳደረገች መጣች። «እማ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ምንድን ነው?»

ወይዘሪት ያው ሊያነቡላት ነበር፤ ከለከልኳቸው፤ በአፌ ነገርኳት። ምላሴ ሁለት ጊዜ ተያዘ፤ እባጩ ይሁን ፍርሃቱ አላውቅም። ስጨርስ ወደ ወንድም ክዋይ ዞራ፣ «አጎቴ፣ እውነት ነው?» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ። «እናቴስ? ሁለተኛውን ጊዜ ወድዳ ነው የወጣችው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። የሚያውቀው ወንድም ክዋይ ብቻ ነው፤ እርሱም አይከዳኝም።

«አይደለም» አልኩ። «‹ዪንግ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው› አለችኝ። ‹ይቺን አንድ ጊዜ ብቻ› አልኳት።»

ማን-ዋይ ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። የደጁ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ወይዘሪት ያው ኑዛዜው ለሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላ ቀን የለኝም አልኳቸው። ቃላቶቼ እንዳልተለዩኝ ለማረጋገጥ በክፍሉ ያለውን ሁሉ በየስሙ ጠራሁ፤ ወንበር፣ መስኮት፣ መጋረጃ፣ ማሰሮ። መነጽር የሚለው ቃል ዘግይቶ መጣልኝ፤ ወይዘሮ ሺው እጄን ያዘችኝ።

አምስተኛ። ማን-ዋይ በሌለችበት የተነገረ ነው። የማማው ፊልም ሰባቱ ጥቅሎች በእኔ እጅ ናቸው። ሙዚየሙ አድሶ ለሕዝብ ሊያሳየው ጠይቋል። ማን-ዋይ «የገዳዩ ስም ዳግመኛ በመጋረጃ ላይ አይወጣም» ብላ ስለነበር ከልክያቸው ቆይቻለሁ። አሁን ጥቅሎቹን ለሙዚየሙ ሰጥቻለሁ፤ ሆኖም ፊልሙ በታየ ቁጥር አስቀድሞ ይህ የኑዛዜዬ አራተኛ አንቀጽ ሳይቆረጥ ይነበብ። የኩ ሲን-ሃንግ ስም ከእኔ ስም በፊት ይጻፍ።

ስድስተኛ። ማን-ዋይ ተመልሳ ባትመጣ ማንም ሄዶ እንዳይለምንልኝ። ሬሳዬ ሲሸኝ ቁሚ አትበሏት። ከእናቷ ጋር የተነሣነው ፎቶግራፍ ትራሴ ሥር ነው፤ እርሱን ብቻ ስጧት፤ ከፈለገች የእኔን ግማሽ ቆርጣ ትጣለው።

ይህን እያልኩ በሩ ተከፈተ። አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ማን-ዋይን ዝናብ አርሷታል፤ ዓይኗ ቀልቷል። አጠገቤ አልመጣችም።

«የኩ ሚስት በሕይወት አለች?» አለች።

«አለች።»

«ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ጫማሽን አድርጊ።»

«ማን-ዋይ፣ በአሥር ሰዓት ሆስፒታል...»

«አውቃለሁ። ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ነገ መናገር ላትችዪ ትችያለሽ፤ ዛሬ ትችያለሽ። እኔም ለሷ የምለው አለኝ፤ ባሏን ደጃችን ላይ ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ይቅር አላልኩሽም። ይቅር እንደምልሽም አላውቅም። ብቻሽን ግን አትሄጂም።»

ወንድም ክዋይ ኮፍያውን አነሣ። «እኔም እሄዳለሁ» አለ። ማን-ዋይ አልከለከለችውም።

እንግዲህ ከዚህ ቀደም የተናገርኩት ኑዛዜ ካለ በዚህ ተሽሯል። ከላይ ያለው ሁሉ ተነብቦልኝ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጬ በምስክሮቼ ፊት ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ የተዛባው ሕመሙ እጄን ስለያዘኝ አይደለም፤ ታክሲው ታች ስለደረሰና በአንድ እግሬ ጫማ እያጠለቅሁ ስለፈረምኩ ነው።

የተናዛዥ ፊርማ፦ ፑን ሳው-ዪንግ

ተናዛዥዋ በፊታችን ስትናገርና ስትፈርም አይተናል፤ ሰምተናል።

አንደኛ ምስክር፦ ሎክ ክዋይ-ቺ፤ አራተኛው አንቀጽ እውነት መሆኑን፣ በማማው ላይም ሆኜ ሁሉንም መስማቴን በገዛ እጄ ጨምሬ ጽፌያለሁ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ወይዘሮ ሺው ላይ-ክዩን

ቃሉን የጻፈች፦ ጠበቃ ያው ዊንግ-ሰም