አትላስ በጮቄ በኩል

ሰኞ
ልጄን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የለም ብለው መለሷት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ አሁን ሐሙስ ተፈተኑ ይላሉ። ልጄ የዝና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ገና ስምንተኛ። ካለፈች ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ሆና ትማራለች። ከወደቀች እዚሁ ቀረች።
ያለን ነገር፦
— የኔ የድሮ ደብተር፣ ግማሹን አይጥ በልቶታል
— ሦስት ቀን
— እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ

ማክሰኞ
ደብተሬ ውስጥ የአፍሪካ ተራሮች ተገኙ። በእጄ የሣልኩት ካርታም አለ። ደጅ ላይ በአመድ አፍሪካን ሠራሁላት፣ ራሷን ወደ ጮቄ ተራራ አድርጌ። እኛ አገር ሁሉ ነገር ከጮቄ ነው የሚጀምረው፣ ውኃውም ከዚያ ነው የሚወርደው። ድንጋይ አስቀመጥኩ፦ አትላስ ጮቄ በኩል፣ ድራከንስበርግ ቡሬ በኩል፣ ርዌንዞሪ መሐል።
«አባየ፣ አትላስ በፀሐይ መውጫ ነው?» አለችኝ።
«እያየሽው!» አልኳት። ተቆጣሁ መሰለኝ።

ረቡዕ
ዝናቡ አመዱን አጠበው። ድንጋዮቹ አሉ። አሥር ጊዜ ጠየቅኋት፣ አንድም አልሳተች። እናቷ «ልጅቱን አሳበድካት፣ ተዋት ትረፍ» አለች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም
እሷ ገባች። እኛ አባቶች አጥሩ ሥር ቁጭ አልን። አንድ የደምበጫ ሰው የልጁን መጽሐፍ ይዟል። እስቲ ልየው አልኩት።
«እንካ፣ አንተም ልትፈተን ነው?» ብሎ አሳቀብኝ።
ካርታው ጥግ ላይ ቀስት አለ። ወደ ላይ ያመለክታል፣ ሰሜን ይላል። አትላስ ሰሜን። ድራከንስበርግ ደቡብ። ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ዞር በል አለኝ።
ስትወጣ አትላስን የት አልሽ ብዬ ጠየቅኋት።
«ምሥራቅን አጠቆርኩ። ሰሜን መስሎኝ ነበር፣ እርስዎ ካሉ ብዬ...»
ነገርኳት። እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ቀድማ ሄደች።
ትምህርት ቤቱን የዘጉትን ስረግም ነው የከረምኩት። ይሄን ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ
የሳተችው፦ አትላስ፣ ድራከንስበርግ። ሌላውን መጠየቅ ፈራሁ። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ
ድንጋዮቹን ልጥላቸው ብዬ ወጣሁ። ቦታቸው ላይ የሉም። አትላስ ባሕር ዳር በኩል ሄዷል፣ ድራከንስበርግ ዓባይ በኩል። የዝና ታናሽ እህቷን አቁማ ታስጠናታለች።
«ወደ ሰሜን ዙሪ። ጮቄ በቀኝሽ ነው» ትላታለች።
አየችኝና ድንጋዮቹ ላይ አጎነበሰች። እኔም ሳልጠጋ በበረቱ በኩል ዞሬ ሄድኩ።