ነጩ ባቄላ በስምህ ወጣ

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ ለሜላንቶስ፣ ሲሲሊ።

ለጤናህ እንደምን አለህ? ያ የምታስተምረው ገዢ እንደምን ይዞሃል? ስለ ፍትሕ ስትነግረው ይሰማሃል ወይስ ፊቱን ያጠቁርብሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ ዛሬም ከሰሌን አከስላለሁ። ዓይኔ ሲያነባ ያየ ሰው ከጠየቀኝ ጭሱ ነው እላለሁ።

አሁን ወሬውን ስማ። ከመሄድህ በፊት፣ አባቴን ደስ ይበለው ብለህ፣ በባቄላ ዕጣ ለሚመረጠው ለከተማዋ ምክር ቤት ስምህን ሰጥተህ ነበር። "ንብ እንኳን አውራዋን በባቄላ አትመርጥም፤ ከተማ መምራት ያለበት በጎነትን የተማረ ሰው ነው" እያልክ ስትስቅብኝ ትዝ ይለኛል። ይኸውልህ፣ ዕጣው ሲጣል ነጩ ባቄላ በስምህ ወጣ! ጥቁር የደረሳቸው አኩርፈው ሲሄዱ እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጎረቤታችን ስሚኪቶስ ግን ደስታዬን አላስጨረሰኝም። በከሰል ገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጅህ የሰው አገር ገዢ ደግነት ሊያስተምር ባሕር ተሻገረ፤ አንተን ማን ይጦርሃል? ለሹመቱ ሲመረመር ተነስቼ እከሰዋለሁ!" አለኝ። "ምን አገባህ፣ አንተ ምላሰኛ! ምስክሩ እኔ ነኝ" ብዬ አፉን አስያዝኩት። ቤቴ ስገባ ግን ሆዴ ባባ።

በምርመራው የሚጠየቀውን ታውቀዋለህ፦ አባትህ ማን ነው? የአያቶችህ መቃብር የት ነው? ወላጆችህን ትጦራለህ ወይ? እነዚያ የከተማ ሰዎች ስለ በጎነት ከዚህ ብዙም አልፈው አይጠይቁም። የምትልከው ስንዴ ይደርሰኛል፤ እህል አልጎደለብኝም። ነገር ግን እናትህ ከሞተች ወዲህ፣ አንተም ከሄድክ ወዲህ፣ ከማን ጋር ልከራከር? በቅሎዋን ፍትሕ ምንድን ነው ብላት ጆሮዋን ነቅነቅ ታደርጋለች። አንተ "አባባ፣ ተሳስተሃል" ስትለኝ እናደድ ነበር፤ ዛሬ አንዴ ብትለኝ ምን ነበረበት!

እህትህ ሚርታሌ በጣም ናፍቀሃታል፤ ልጇ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ባሏም ሰላም ብሎሃል። ስሚኪቶስ ሳይቀር ሰላም በልልኝ አለኝ፤ ምላሱ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የያዘው መርከበኛ ከምርመራው ቀን በፊት ይመለሳል፤ አብረኸው ና። አልመጣም ካልክም ለከተማዋ አትስጋ፤ አንተ ብትቀር የሚተካህ ሰው በዚያው ዕጣ ወጥቷል። እኔ ግን የሚተካልኝ የለኝም።

አባትህ ፌይዲሞስ

አካርናይ፣ በሙኒኪዮን ወር፣ ጨረቃ በሞላች ማግስት።