«ቆይ» የሚለው ዝርዝር

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ከሥራ በቀጥታ ፌርፋክስ፣ ዕድሩ ቢሮ። ከቶራንስ አንድ ሰዓት ከሩብ… መንገዱ እንደ ሁልጊዜው። የዕድሩ ስልክ ዛሬም አመሉ ተነሥቶበታል። የሚደውል ሰው እኛን ይሰማል፤ እኛ ግን እሱን አንሰማውም። ሊቀመንበራችን ጋሼ ጌታሁን ስልኩን ይዘው «ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?» እያሉ ሲጮኹ ነበር የደረስኩት። ደዋይዋ «ምነው ይቆጡኛል?» ብላ ለሌላ ሰው አማርራለች አሉ።

ስንት ጊዜ አስረዳሁ። ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር የቢሮው ነው፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ይታተምበታል። በውስጡ ደግሞ ሌላ ኮምፒዩተር አለ፣ በእጅ የማይነካ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት። የዕድሩ ስልክ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ኮምፒዩተር?» አሉ ጋሼ ጌታሁን።

«ሰርቪስ ቤት በሉት። ግቢው የአንድ ሰው ነው፣ ጓሮ ተከራይ አለ።»

«ሶ፣ ተከራዩ ነው የሚያስቸግረን?»

«እሱ ነው።»

«አስወጪዋ!»

እትዬ አምሳለ አልሳቁም። ከእኔ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ባረፈ ቁጥር ለአባል ሁሉ በአፋቸው የደወሉት እሳቸው ናቸው፤ ከአንድ ሰማያዊ ደብተር እያዩ። ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። የእኔ ማሽን 213 ሰው በዘጠኝ ደቂቃ! ይህንን ስነግራቸው «ለመሆኑ ምን ያስቸኩላል? ሟቹ የት ይሄዳል?» አሉኝ። ተናደድኩ።

በቢሮው ኮምፒዩተር በኩል ድምፁ የሚገባበት በር ተዘግቶ ነበር፤ ከፈትኩት፣ ተስተካከለ። ወደ ቤት ስነዳ ግን ሁለቴ ዳር ይዤ ቆምኩና ደውዬ አረጋገጥኩ። ምን ሆኛለሁ?

ሐሙስ፣ ማርች 5

ጋሼ ነጋሽ ሕመሙ ጠንቶባቸዋል። ሚድ ዊልሻየር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩት ጋሼ ነጋሽ… ስቸኩል አይተው ስንት ቀን በነፃ አሳልፈውኛል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል አሉ። ታላቅ እህታቸው እትዬ ሣራ ግሌንዴል ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «ለምርመራ ነው የገባሁት፣ አትምጪ» ብለዋቸዋል። እንዳይነገራቸው ያዘዙት ራሳቸው ጋሼ ነጋሽ ናቸው።

ጋሼ ጌታሁን ቢሮዬ ደወሉ። «ሣራን ከአሁኑ ቆይ ውስጥ አስገቢያት፤ ኋላ እንዳንረሳ።»

«ቆይ» ያልነው ማሽኑ የማይደውልላቸውን ሰዎች ዝርዝር ነው። የቅርብ ዘመድ መርዶውን ከሽማግሌ አፍ እስኪሰማ ድረስ እዚያ ይቆያል። መቼም ለእህት መርዶ በስልክ አይነገርም። በሁለት ደቂቃ አስገባኋቸው። እትዬ አምሳለ ለዚህ ጉዳይ ደብተሩ ላይ ከስሙ አጠገብ መርፌ ቁልፍ ይሰኩ ነበር። መርፌ ቁልፍ! በዚህ ዘመን!

ቅዳሜ፣ ማርች 7

የማያርፍ እጅ… ደህና የሚሠራውን ነገር ማን ንኪ አለኝ? አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ስልክ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ምንም የለ። ከጠዋት እስከ ምሳ አለፍ ድረስ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። ሰው ቢሞትስ? ዛሬ ቢሆንስ?

በመጨረሻ ስናፕሾቱ ትዝ አለኝ። በየወሩ መጀመሪያ ማሽኑን እንዳለ ፎቶ አነሣዋለሁ። ሲበላሽ ወደዚያ ቀን መመለስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል። ወደ ባለፈው እሑድ፣ ወደ ማርች 1 መለስኩት። ተነሣ! ደወልኩ። ጋሼ ጌታሁን «ማን ልበል?» አሉ። ሰማኋቸው፤ ሰሙኝ። በደስታ ብቻዬን ጮህኩ። ለሰውም እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው… እኔ ስንቴ በተጫንኩት።

እሑድ፣ ማርች 8

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ መቀመጥ አቃተኝ። የረሳሁት ነገር አለ። ምንድን ነው? ምድጃው ጠፍቷል። መኪናው ተቆልፏል። ለእማዬ ደውያለሁ…

ሰዓቱ! ዛሬ ሰዓት ተቀይሯል። ማሽኑ ባያውቅስ ብዬ ገብቼ አየሁ። አውቋል። እፎይ… እሱ ነበር ለካ።

ታዲያ ለምን አሁንም አልተቀመጥኩም?

ሰኞ፣ ማርች 9

ጋሼ ጌታሁን ቢሮውን ሲዘጉ ኮምፒዩተሩን አጠፉት። «መብራት ይቆጥራል ብዬ ነው።» ባለቤቱ ሲተኛ ተከራዩም ይተኛል እኮ! ተመልሰው እንዲያበሩት ለምኜ አስበራሁ። ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፉበት አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ጋሼ ነጋሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ነፍስ ይማር።

ሽማግሌዎቹ ነገ በንጋት ግሌንዴል ሄደው ለእትዬ ሣራ መርዶውን ሊነግሩ ተስማሙ። አባላቱ ግን ከዛሬ ይወቁ ተባለ፤ አዳራሹም፣ ምግቡም፣ የሚሄደውም ሰው እንዲዘጋጅ። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ቀረጽኩ። ሦስት ጊዜ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛውም ተንቀጠቀጠ፤ ተውኩት።

«አባላችን አቶ ነጋሽ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እህታቸው ወይዘሮ ሣራ ገና አልሰሙም። ሽማግሌዎች ነገ ጠዋት ይሄዳሉ። እባካችሁ እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይደውልላቸው። መልእክቱን እንደገና ለመስማት አንድን ይጫኑ።»

ጋሼ ነጋሽን ከዝርዝሩ አውጥቼ ከሰዓት በኋላ ላክሁት። 212 ሰው፣ ዘጠኝ ደቂቃ። እንከን የለውም። ለእትዬ አምሳለ ልነግራቸው ፈለግሁ፣ ግን ቀኑ አይደለም።

ረቡዕ፣ ማርች 11

ሥራ ቦታ ነኝ።

ጋሼ ጌታሁን ከግሌንዴል ሲመለሱ ደወሉልኝ። «ተነግሯታል። አለቀሰች፣ ግን በርትታለች። ኦኬ ናት። ደግሞ ገና ሳናንኳኳ ነው በሩን የከፈተችልን። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ… ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነበር መሰለኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የእሑዱ «የረሳሁት ነገር አለ» ተመለሰብኝ። ጥቁር? በንጋት? የትናንቱን መዝገብ ከፈትኩ። 212።

211 ነበር መሆን ያለበት። እትዬ ሣራ ቆይ ውስጥ ናቸው፣ ለእሳቸው አይደወልም። አባል ግን ናቸው። 212 ከሆነ…

ወደ ታች ወረድኩ። የግሌንዴሉ ቁጥር አለ። ስልኩ ተነሥቷል። አንድን ተጭነዋል። ሰባት ጊዜ።

አንዴ ሲነሣ፣ ሰባቴ ሲደገም… ስምንት ጊዜ ሰሙት ማለት ነው። በእኔ ድምፅ። «እህታቸው ወይዘሮ ሣራ ገና አልሰሙም።» ወይኔ! ምን አደረግሁ?

«ቆይ» ባዶ ነው። ሐሙስ አስገባኋቸው፤ ቅዳሜ ማሽኑን ወደ እሑድ መለስኩት። ያን እሑድ እትዬ ሣራ ቆይ ውስጥ አልነበሩም። ስመልሰው እሳቸውም አብረው ጠፉ። እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ እኮ! ሁለት ገጽ ወደ ኋላ፣ በገዛ እጄ። ማሽኑ ሲመለስ ደብተሬ አልተመለሰም። ገልጬ ባየው ኖሮ…

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ አያውቁም። ማንም አያውቅም። እሳቸውና እኔ ብቻ።

ሐሙስ፣ ማርች 12

አልነገርኩም።

ዓርብ፣ ማርች 13

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሰፈሩን ሦስቴ ዞርኩት፤ ፓርኪንግ ጠፍቶ አይደለም። ገባሁ። እትዬ ሣራን በቅርብ አግኝቻቸው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ።

ቀና አሉ። እጄን ያዙ። አልለቀቁኝም… ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ «ቁጭ በይ፣ እህል ቅመሺ» አሉኝ።

ሳህኑን ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ አምሳለ ከአጠገቤ ናቸው። «ምነው ተቁነጠነጥሽ? እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አዎ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ፣ ማርች 16

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ግሌንዴል ሄድኩ። እንግዳው ቀንሷል፤ ብቻቸውን ነበሩ።

«እትዬ ሣራ፣ የስልኩ ነገር… ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አውቄያለሁ። ‹ያጽናዎት› ስትዪኝ በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ።»

«ሰባት ጊዜ…»

«ይቆጥራል እንዴ?» አሉ። ከዚያ «ሌላ ስም ይል እንደሆን ብዬ ነው» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ፣ እንደ ሕፃን።

«ለሽማግሌዎቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ጌታሁን ጉልበቱን ያመዋል። ያን ሁሉ ድራይቭ አድርገው መጥተው፣ በር ላይ ተደርድረው፣ ‹ሰምቻለሁ፣ ማሽን ነግሮኛል› ብላቸው ወዴት ይገባሉ? ደሞ አንቺው ነሽ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ ያልሽው። ሶ ጠበቅኋቸው።»

«ለማንም ሳይደውሉ?»

«ማንም እንዳይደውል አልሽ እኮ።»

ያን ሁሉ ሰዓት። ከሰዓት በኋላውን፣ ማታውን፣ እስኪነጋ… ጥቁር ለብሰው። ሰው ቢጠሩ ወሬው ይወጣል ብለው። ንዴት መጣብኝ፣ በማን ላይ እንደሆነ እንጃ። በራሴ ነው እንጂ በማን!

«ለሁሉም ልናገር። ይፍቀዱልኝ» አልኩ።

«አይሆንም። እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለእነሱ አታሸክሚያቸው። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ አድርጊ፣ በቃ።» እስከ በሩ ሸኙኝ። «ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ነው የነገረኝ ብዬ ተጽናናሁ።»

መኪናዬን ለማስነሣት ብዙ ቆየሁ።

እሑድ፣ ማርች 22

የዕድሩ ስብሰባ። ተነሣሁና ከእንግዲህ መርዶው ለቅርብ ዘመድ በሰው አፍ ሳይነገር ማሽኑ ለአንድም ሰው አይደውልም አልኩ። መልእክቱ ቢዘገይም ይዘግይ። «ቆይ»ም በማሽኑ ብቻ አይያዝ፤ በወረቀትም ይኑር።

ጋሼ ጌታሁን ሳቁ። «ምነው ልጄ? ደህና ሠርቶ የለ እንዴ! ይኸው ለሁላችን ሲደውል ለሣራ ብቻ አልደወለም!» ሰዉ አጨበጨበልኝ። መሬት ብትከፈት ደስታዬ ነበር።

እትዬ ሣራ ከኋላ ነበሩ። አንገታቸውን እንደደፉ «ልጅቱ ልክ ናት» አሉ። «ዝርዝሩን እኔ እይዘዋለሁ። ማን የማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? እትዬ አምሳለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ ቦርሳቸውን ከፈቱና ሰማያዊውን ደብተር አውጥተው ለእትዬ ሣራ ሰጡ። ከላዩ አራት መርፌ ቁልፍ ተሰክቶበታል።

ዓርብ፣ ሜይ 8

የኤልሻዳይ አባት አገር ቤት አረፉ። ኤልሻዳይ የዕድራችን አባል ናት፤ ቶራንስ፣ ከቢሮዬ አምስት ደቂቃ ነው የምትኖረው። አልሰማችም። እትዬ ሣራ ደወሉልኝ። «ሰክቻለሁ። አንቺስ?» ማሽኑንም አየሁ፤ «ቆይ» ውስጥ አለች። መልእክቱን ቀረጽኩት፤ ግን አልላክሁም። ይቀመጥ።

«ነገ ከእኛ ጋር ነሽ» አሉኝ።

«እኔ? ሽማግሌ አይደለሁም።»

«ስንት ሰዓት ትወስጂናለሽ ነው ያልኩሽ።»

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

በንጋት ከግሌንዴል እትዬ ሣራን፣ ከፌርፋክስ ጋሼ ጌታሁንን ወሰድኩ። መንገዱ ባዶ ነበር። ማንም ብዙ አላወራም። ጋሼ ጌታሁን «ማሽንሽ ደህና ነው?» ሲሉኝ ከትናንት ወዲህ እንዳላየሁት ትዝ አለኝ። ይገርማል።

ከሕንጻው ፊት ለፊት ፓርክ አደረግሁ። ስልኬን መኪናው ውስጥ ትቼ ወረድኩ። ደረጃውን በጋሼ ጌታሁን ጉልበት ልክ ቀስ ብለን ወጣን። መጋረጃዋ ተዘግቷል። ተኝታለች። ምንም አልሰማችም። እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልሰማችም።

እትዬ ሣራ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ጎን ቆሙ።

«አንቺ አንኳኪ» አሉኝ።

አንኳኳሁ።