ስጦታ ስለተባለው የሚዳቋ ግልገልና ስላልደረሰኝ ምስክር ወረቀት

ይድረስ ለክቡር አቶ ዓለምብርሃን፣ የአስታ በር የዱር እንስሳት ክብካቤ ጣቢያ ኃላፊ፤
ደባርቅ አጠገብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የደባርቅ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ ካሜራዎም ሳይሰበር ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የያዘኝ ቅናት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ሳምንት ዓርብ ከገብስ ማሳዬ ዳር፣ ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር፣ አንዲት የሚዳቋ ግልገል ብቻዋን ተኝታ አገኘሁ። ጣቢያዎ በቀበሌው በር ላይ ከለጠፈው ማስታወቂያ፣ እናት ልጇን ሸሽጋ ለግጦሽ እንደምትሄድና ያልቆሰለ ግልገል መነካት እንደሌለበት አንብቤ ስለነበር፣ እጄን ሰብስቤ ከድንጋይ ኋላ በሆዴ ተኛሁ። በረዶ ወረደብኝ። ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሴን ሲጨርሰው እንኳ እናቲቱ እንዳትደነግጥ ብዬ አልጮኽሁም። አመሻሹ ላይ መጣች፣ አጠባቻት፣ ይዛት ሄደች። ይህንን መጥቼ ለጣቢያዎ ባስታውቅም ጎበዝ ያለኝ አልነበረም፤ ፎቶ የሚነሳ ነገር ይዤ አልመጣሁምና አልፈርድብዎትም።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ አቶ አይቸው እዚያው አካባቢ ሌላ ግልገል አገኙ። ደግ ሰው ናቸው፤ ማስታወቂያ ግን አያነቡም። እናት የሌለው መስሏቸው በጋቢ ጠቅልለው ቤት አስገቡት፣ የላም ወተት ጋቱት፣ አንገቱ ላይ ማተብ አስረው ስጦታ አሉት። እርስዎም በመኪና እስከ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ግልገሉን አቅፈው ፎቶ ተነስተው፣ ለአቶ አይቸው የእንስሳት አባት የሚል ምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡ። የገዛ ማስታወቂያዎን እንዲህ አድርገው ስላከበሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ እስኪያር ቀንቻለሁ። በሰንበቴ ሰው ሁሉ ስለ ስጦታ ሲያወራ ጠላው አልወርድ ይለኛል።

ሦስተኛው ነገር ግን ከቅናት አይደለም። የላም ወተቱ ለግልገሉ አልተስማማውም፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያስቀምጠዋል፣ ዛሬ መቆምም አቅቶታል። እናቱ ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ በየምሽቱ እየመጣች የተኛበትን ሣር አሽታ ትመለሳለች። ዛሬ ቢመለስላት ትቀበለው ይሆናል፤ ነገን አላውቅም። አቶ አይቸውን ብለምናቸው በቅናት ነው አሉኝ። ቅናቴን መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቀው የሚያምነኝ ጠፋ፤ እርስዎ ግን የሰጡትን ክብር ሳይነጥቁ ግልገሉን ማስመለስ አያቅትዎትም።

ከትልቅ አክብሮት ጋር እጅ እየነሳሁ፣

ለፎቶ የማትመቸው ታዛዥዎ፣
ዙፋን ገሠሠ፣
ጭላዳ ካስተረፈላት ገብስ ዳር

ድጋሚ፦ ሲመጡ ካሜራዎን ይተዉት፤ እናቲቱ ሰው ካየች አትቀርብም። ከድንጋዩ ኋላ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ሳይመጡ ከቀሩ ግን፣ ሟቹ ማተብ ያሰረ ነውና የቀብሩን ሰዓት አስታውቅዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ካሜራውን ይዘው ይምጡ።