እሑድ የወደቀበት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ክንዱ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በመቀነት አስረኸው ትውላለህ? ሀብትነሽ እንዴት ናት? አንዷለምስ አደገ? የመተማ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማም ዓይኗ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት፤ እንደ ልማዷ ጎረቤቱን ሁሉ ስትቆጣ ትውላለች። ስልክህ አልሠራ ቢለኝ ይህን ጽፌ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እኔ እስከ ዛሬ እንደ ደነገጥሁ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፤ ልጄ ውዳሴ ከጎረቤት ልጆች ጋር ድብብቆሽ ትጫወታለች። ፈላጊውን የሚመርጡት እኛ እናደርገው እንደ ነበረው ነው። ክብ ሠርተው ይቆሙና አንዷ በተራ እየነካች ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለች ትቆጥራለች፤ እሑድ የወደቀበት ይፈልጋል። ቆጣሪዋ ሁልጊዜ የእኔዋ ጉድ ናት፤ እሷ ላይ ግን አንድም ጊዜ አይወድቅም። ኋላ አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጥታ ውዳሴ ታጭበረብራለች አለችኝ። ጠርቼ ብቆጣት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አላጭበረበርሁም፣ ሦስት ስንሆን እሑድ የሚወድቀው ከጀመርሁበት ልጅ ላይ ነው፣ አራት ስንሆን ሦስተኛው ላይ፣ አምስት ስንሆን ሁለተኛው ላይ አለችኝ፤ ቅንጣት ሳታፍር!

አባቷ ወንዳወቅ ከውስጥ ሰምቶ እየሳቀ ወጣ። የሒሳብ አስተማሪ ምን ያስደነግጠዋል? ሰባት ለሦስት ሲካፈል ቀሪው አንድ ነው፣ ስለዚህ ዞሮ ከጀመረበት ይመለሳል፤ ዕጣ ይምሰላችሁ እንጂ ሒሳብ ነው ብሎ በጠጠር ያሳየኝ ጀመር። ገበጣም ቢሆን የመጨረሻዋ ጠጠር የት ጉድጓድ እንደምትወድቅ አስቀድሞ ያሰላ ነው የሚያሸንፈው እያለ ደስታው ሌላ ሆነ። እኔ ግን እጄ ከነሳሙናው ደርቆ ቀረ። ያቺ ዕጣ ትዝ አለችኝ።

መቼም አልረሳሃትም። አክስታችን እትዬ እናኑ ከቡሬ፣ ከልጆቹ አንዱን ስጡኝና ቤቴ አስቀምጬ ላስተምር ብለው የላኩ ጊዜ ነው። አባባ ያሰቡት አንተን ነበር። የበኩር ልጃቸው ነህ፤ ከየኔታ ዘንድም ዳዊት ደግመሃል። እኔማ ከሽንዲ በኩል ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። አንተ ለመንገዱ ሸሚዝህን አጥበህ አጥር ላይ አስጥተህ ሳለ፣ ድንገት ተነሥተህ ዕጣ እንጣል፣ ምርጫው የእግዚአብሔር ይሁን አልኻቸው። አንተ፣ እኔና ታናሻችን ምናለ ዋንዛው ሥር ቆምን። ቆጣሪው አንተ ነበርህ። ከሴቷ ልጀምር፣ ኋላ ታለቅሳለች አልህ። እሑድ እኔ ላይ ወደቀ። አባባም እግዚአብሔር ያወጣውን አልሽርም ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። አንተ ለእራት አልመጣህም፤ አኩርፈህ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ያን ሸሚዝ አጣጥፈህ ከጓዜ ጨመርህልኝ።

በዚያች ዕጣ ተምሬ ነው ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ አዋላጅ ነርስ የሆንሁት። ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ሲለኝ እኔም አምኜ ዕድሌን ሳመሰግን ኖርሁ።

ውዳሴን ማን አስተማረሽ አልኋት። አጎቴ ክንዱ፣ ለጥምቀት የመጣ ጊዜ አለችኝ። ከዚያም እንደ ቀላል ነገር፣ ልጅ ሆኖ ሲጫወት እንደ ደረሰበት፣ ከጨዋታ ውጪ ግን በዕድሜው አንዴ ብቻ እንደ ሠራበት ነግሮኛል አለች። እዚያው የሳሙና ውሃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይህን ያህል ዘመን እንዴት አስችሎህ ዝም አልህ? እወድሃለሁ፤ ተናድጄብሃለሁም።

አሁን አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ ተዉልን የወንዝ ዳር ማሳ ልምጣ። ለሦስት ቢቆረስ ለማናችንም አይሆንም፤ ምናለ ደምበጫ ያለው ሱቁ ይበቃዋል፣ እኔም ደመወዝ አለኝ፣ አንተ ውሰደውና ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ አገርህ ግባ ብንልህ፣ በስጦታ አልወስድም፣ ከፈለጋችሁ ዕጣ ጣሉ ብለህ ድርቅ አልህ። እሺ፣ እንዳልኸው ትናንት እማ ቤት ሄደን ጣልነው። በአንተ ቦታ የአባባን ከዘራ ዋንዛው ሥር ተከልን። ቆጣሪዋ እኔ ነበርሁ። ምናለ ሁሉን ነግሬው ስለ ነበር ዓይኑን ይጠርጋል። እማ ምኑም ሳይገባት ቶሎ በይ እንጂ ትለኛለች። ከከዘራው ጀመርሁ።

እሑድ አንተ ላይ ወደቀ፣ ጋሼ። ምርጫው የእግዚአብሔር ነውና እንዳትከራከረኝ፤ እኔም ሳልከራከር ነው ቡሬ የሄድሁት። ሰኔ ሳይገባ ና።

ሀብትነሽን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ። አንዷለምን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ወንዳወቅ በጣም ሰላም ብሎሃል። ውዳሴ ገበጣ እንድታስተምራት ከወዲሁ ጠጠር እየለቀመች ነው። ምናለ ናፍቆቱን ስትመጣ ይነግርሃል። እማ ደግሞ ከዘራውን ማንም እንዳይነካው፣ ክንዱ መጥቶ ራሱ ይንቀለው ብላ እንደ ተተከለ ትታዋለች።

እህትህ አምለሰት
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.