ጥቁር ጥብጣብ ያለበት የፈረንጆች ፎቶ

ኅዳር 3
ሥራ ቀዝቃዛ። ጉርድ ፎቶ ብቻ። ከሰዓት ግን እትዬ እታለም የሚባሉ ሴት ከቡሬ ገጠር ፍሬም ይዘው ፎቶ ቤቴ መጡ። መስተዋቱ ተሰብሮባቸዋል። ውስጡ ፈረንጆች! ባል፣ ሚስት፣ ሕፃን። ጥጉ ላይ ሰፊ የለቅሶ ጥብጣብ ተለጥፏል። ለፈረንጅ የሚያለቅስ ማነው? መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅኩ።
«ሕፃኑ ነው የሞተው። የጡት ወንድሜ ነው።»
ይህን ብለው ሄዱ። የጡት ወንድም?

ኅዳር 6
እትዬ እታለም መጡ። ቁጭ ብለው እንዲያወጉኝ ብዬ መስተዋቱን አልጨረስኩትም... አቤት ተንኮሌ።
ፈረንጆቹ ቡሬ አጠገብ ክሊኒክ የነበራቸው ሚሲዮኖች ናቸው። ሚስትየዋ ወልዳ ታመመች፣ ጡቷ ደረቀ። የእትዬ እታለም እናት እማማ አምለሰት አራስ ነበሩ። በአንዱ ጡት እታለምን፣ በሌላው ፈረንጁን! ስሙንም ቢያድግልኝ አሉት። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሄዱ። ቆይቶ አንድ ሾፌር ይህን ፎቶ ሰጥቷቸው አለፈ። ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ።
«ታዲያ ሞተ ያላችሁ ማነው?»
«ፎቶው ነዋ! ያኔ ይሄን ያህል ሰፍቶ የሚታጠበው የሟች አልነበር?»
እውነታቸውን ነው። ዛሬም ለማስፋት የሚመጣልኝ አብዛኛው የሟች ነው። እማማ አምለሰት ለቅሶ ተቀምጠዋል፣ ተዝካሩን አውጥተዋል። ግን ፈረንጅ ይህን ወግ በየት ያውቃል? ለጌጥ ልከውት ቢሆንስ?

ኅዳር 7
ከፎቶው ጀርባ የቤተሰቡ ስም አለ። ሄልሴት። ፌስቡክ ላይ ላገኘሁት ሄልሴት ሁሉ ፎቶውን ላክሁ። እትዬ እታለም በስልክ፣ «እምዬ ግን እንዳትሰማ። ሁለተኛ ብታጣው አትችለውም።»

ኅዳር 16
ምንም የለም። ስልኬን ስንቴ ከፈትኩ...

ኅዳር 23
መለሰ!! ስሙ ኤሪክ ነው። ከኖርዌይ። «ሕፃኑ እኔ ነኝ» ይላል። ራሰ በራ ሆኗል፣ የልጅ ልጅ አለው። ቤታቸው ተቃጥሎ ከእኛ አገር አንድም ፎቶ አልቀራቸውም። እናቱ ስትሞት፣ ያጠባችው ሴት በፎቶው ላይ አጠገባቸው ቆማ እንደነበር ነግራዋለች። እና ይጠይቃል፦ ከጥብጣቡ ሥር የሚታየው ትከሻ የማን ነው?
አላየሁትም ነበር። ፎቶ አንሺ ተብዬ! እውነትም ነጠላ የለበሰ ትከሻ አለ። ጥብጣቡን ላነሳው እችላለሁ... ግን የለጠፉት እማማ አምለሰት ናቸው። ሳልነግራቸው እንዴት እነካዋለሁ?

ኅዳር 25
እትዬ እታለምን ለመንኳቸው።
«ልቧ ቀጥ ቢልስ?»
«በሕይወት ላለ ሰው ነፍስ ይማር ሲሉ ይኑሩ?»
በመጨረሻ እሺ አሉ፤ «መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። እኛ ከቀትር በኋላ እንግባ፣ እንዳትደነግጥብን።»

ታኅሣሥ 1
ቡሬ ደርሰን መጣን። እማማ አምለሰት ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። እትዬ እታለም አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ስልኩን ዘረጋሁ፤ ኤሪክ በቪዲዮ እየጠበቀ ነበር።
«ይሄ ሽማግሌ ማነው?»
«ቢያድግልኝ ነው፣ እምዬ።»
አላመኑም። «ግራ ጆሮውን ያሳየኝ።» አዞረላቸው። ከጆሮው ሥር ጥቁር ምልክት አለች። ያለቅሳሉ ስል ተቆጡ!
«አፈር አልብሼህ ስኖር የት ነበርህ? አንተ የማትረባ!»
ቃሉን አልተረጎምኩለትም። ድምፃቸውን ሰምቶ ብቻ ያለቅስ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። ለመሄድ ስንነሳ እጄን ያዙ። «ያን ጥቁር ነገር አንሺልኝ።»

ታኅሣሥ 3
በእንፋሎት አለስልሼ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ሌላው ሁሉ ደብዝዟል፤ ጥብጣቡ የሸፈነው ግን ጥርት እንዳለ ነው። እማማ አምለሰት፣ ልጅ እግር፣ እታለምን አዝለው ይስቃሉ። ልጁ የሞተ መስሏቸው የገዛ ፊታቸውን ሸፍነው ኖረዋል።
ደወልኩላቸው። ዋናው ፎቶ ለኤሪክ ይሂድ አሉ፤ ለእሳቸው ቅጂው ይበቃል።
«በትልቁ ላጥብልዎት?»
«ምን በወጣው! በትንሹ አድርጊልኝ።»
በትንሹ አጠብኩት።