ማንኛውም ሱቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ጠዋት 1፡15
ሲኤምሲ፣ የቦሌ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ደክሞኛል ደብተሬ፣ ሳምንቱ ገና ሳይጀመር። ቀን የመ/ቤት ውል አረቃለሁ፣ ማታ የምኖርበትን የጋራ ሕንፃ ግቢ ቃለ ጉባኤ። ሕግ ተምራለች ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። አሁን ሰብሳቢያችን ኢ/ር ታደለ ደወለ። ግቢው ውስጥ ያለው የጋሽ ሰይድ ሱቅ ተነሥቶ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን ባይ ነው። እሑድ ድምፅ ይሰጥበታል። ደንቡን አርቅቂልን፣ ስም ግን አይጠቀስ አለኝ።

ረቡዕ 5፤ ምሳ ሰዓት
ጨረስኩ። «በግቢው ውስጥ ያለ ማንኛውም ሱቅ በአንድ ወር ውስጥ ይነሣል።» ዩኒቨርሲቲ መምህራችን ሕግ የማንንም ስም አይጥራ፣ ነጻነት ከዚያ ይጀምራል ይሉን ነበር። ይኸው አልጠራሁም። ታደለ በጣም ወደደው። እኔም፣ ምን ልዋሽሽ፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ 6፤ ምሽት 12፡30
ረቂቁ የግቢው በር ላይ ተለጥፏል። ቁልፌን ልወስድ ጋሽ ሰይድ ጋ ጎራ አልኩ። አንድ ቀን ቢሮ ረስቼው ደጅ ከቀረሁ ወዲህ ጠዋት እሳቸው ጋ ትቼ ነው የምሄደው። የግማሹ ሕንፃ ቁልፍ እዚያ ነው የሚንጠለጠለው። እዚህ ግቢ ስንት ሱቅ አለ አሉኝ። አንድ አልኩ። ቁልፌን አቀበሉኝ።
«ስሜን ብትጽፊው ይሻል ነበር፣ ልጄ። ሰይድ ይኼን አጠፋ ብትሉ መልስ እሰጥ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልመልስ?»
አፈርኩ። ይባስ ብለው «አብሽሪ» አሉኝ፣ እሳቸው እኔን። እራትም አልበላሁ።

ቅዳሜ 8
ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ውሸት ነው። በኋላ ለታደለ ደወልኩ። ምን አጠፉ? ምንም፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ መኪናው በዝቶ ነው እንጂ አለ። እንደሱ ብለን እንጻፈዋ አልኩት። እንደዚያ ከተጻፈ ማን እጁን ያወጣል አለኝ።
መምህሬ አልተሳሳቱም። እሳቸው ያሉት የጻፈውንም ሰው ስለሚይዝ ሕግ ነበር። የእኔ እኔን አይነካም፤ ሱቅ የለኝ።

እሑድ 9፤ ጠዋት 3፡20
ስብሰባው በ4፡00 ነው። «ማንኛውም» የሚለውን ሰረዝኩት። አዲሱ፦ «አንዳች ጥፋት ያልተገኘባቸው አቶ ሰይድ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ሱቃቸውን በአንድ ወር ውስጥ ያንሡ።» ታደለ ይቆጣል። ደንቡ እንዲህም ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ መኪና ያለው ብዙ ነው። ግን እጁን የሚያወጣ ሰው ስማቸውን እያየ ያውጣ። እኔ አላወጣም። ይኼንንም በቃለ ጉባኤው እጽፈዋለሁ፣ ከነስሜ። ልውጣ እንግዲህ፣ ቁልፌን ጋሽ ሰይድ ጋ አድርጌ።